ማታ ኮከብ ለማየት የት እንሂድ? ኦብዘርቫቶሪ፣ ፕላኔታሪየም፣ ፓርክ ወይስ ከከተማ ውጪ

ጓደኛሞች «አንድ ማታ ወጥተን ኮከብ እንይ» ሲባባሉ ክርክሩ ሁሌም በቦታው ላይ ነው። አንዱ ሰማይ በቴሌስኮፕ የሚታይበት የከተማው ኦብዘርቫቶሪ ይላል። ሌላው የሰማይ ትርኢት ጉልላት ላይ የሚታይበት ፕላኔታሪየም ይሻላል ይላል። ሦስተኛው «መኪና ይዘን ከከተማ እንውጣ» ብሎ ድርቅ ይላል። ቀኑ ግን ያለ ክርክር ቅዳሜ ይሆናል፣ ለሁሉም ስለሚመች።

እኔ ግን መጀመሪያ መመረጥ ያለበት ሌሊቱ ነው ባይ ነኝ። ሌሊቱ ከታወቀ ቦታውን መምረጥ ቀላል ነው። ያው አንድ ቦታ በወሩ በአንዱ ሳምንት ግሩም፣ በሌላው ሳምንት ቀሽም ሊሆን ይችላል። ለምን እንደሆነ ከታች እናያለን። ከዚያ በፊት ግን መመዘኛዎቹን እናስቀምጥ።

በምን እንመዝናቸው?

ትልቁ ጥያቄ ምን ማየት ትፈልጋላችሁ የሚለው ነው። ጨረቃና ዋና ዋናዎቹ ፕላኔቶች ብሩህ ስለሆኑ የከተማ መብራት አይጎዳቸውም። መሀል ከተማ ቆማችሁ በቴሌስኮፕ ብታዩአቸው ገጠር ሆኖ ከሚያያቸው ሰው ብዙም አይጎድልባችሁም። ጋላክሲ (የብዙ ቢሊዮን ኮከቦች ስብስብ)፣ ኔቡላ (በኮከቦች መካከል ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) እና ፍኖተ ሐሊብ (ሰማዩን አቋርጦ የሚታየው የራሳችን ጋላክሲ ነጭ መስመር) ግን ደብዛዛ ናቸው። የከተማ ሰማይ ይውጣቸዋል። ጆን ቦርትል የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2001 የሰማይን ጨለማ ከ1 እስከ 9 የሚመድብ መለኪያ አውጥቷል። 1 ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ 9 የትልቅ ከተማ መሀል። ፍኖተ ሐሊብን በወጉ ለማየት ወደ 4ና ከዚያ በታች መውረድ ያስፈልጋል። ከ8ና ከ9 ሆኖ መጠበቅ ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው የሰው ብዛት ነው። በአንድ ቴሌስኮፕ የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። 60 ሰው ቢሰለፍና እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ቢቆይ የመጨረሻው ሰው አንድ ሰዓት ቆሞ ይጠብቃል። ቴሌስኮፑ ከጨረቃ ወደ ጁፒተር ሲዞር ደግሞ ሰልፉ እንደገና «ሀ» ብሎ ይጀምራል። ስለዚህ ስለ ቴሌስኮፑ ትልቅነት ከመጠየቃችሁ በፊት ስንት ቴሌስኮፕ እንደሚዘጋጅ ጠይቁ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው፦ የምታዩት በዓይናችሁ ነው ወይስ በስክሪን? የምርምር ቴሌስኮፖች የሚሠሩት በካሜራ ነው። ብዙዎቹ ዓይን የሚጠጋበት ቦታ እንኳ የላቸውም። እንዲህ ዓይነት ተቋም ለጉብኝት ክፍት ነው ሲባል ሕንጻውን ታያላችሁ እንጂ ሰማዩን ላታዩ ትችላላችሁ።

የቀሩት ቶሎ የሚታለፉ ናቸው። ደመና ቢመጣ ምን ይደረጋል? ማታ በምን ትመለሳላችሁ? ደረጃ መውጣት የማይችል ወይም ብርድ የማይስማማው ሰው አብሯችሁ አለ? ወጪውስ ስንት ነው? እነዚህን ከአማራጮቹ ጋር አብረን እናነሳቸዋለን።

ቀኑን ጨረቃ ትምረጠው

የጨረቃ ዙር 29 ቀን ተኩል ገደማ ነው። ከአዲስ ጨረቃ ብንነሳ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ያለው ጊዜ ለከተማ ኦብዘርቫቶሪ ወርቅ ነው። በ7ኛው ቀን አካባቢ ጨረቃ ግማሽ ትሆናለች። ፀሐይ ስትጠልቅ ከፍ ብላ ትታያለች፣ የምትጠልቀውም ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። ምሽቱን ሙሉ አለች ማለት ነው። ከዚህም በላይ ብርሃንና ጨለማ በሚገናኙበት መስመር ላይ ፀሐይ በጎን ስለምትመታ የተራሮቹና የጉድጓዶቹ ጥላ ረጅም ሆኖ ይወድቃል። ሰው በቴሌስኮፕ አይቶ «ኧረ!» ብሎ የሚጮኸው ይህን ሲያይ ነው።

ሙሉ ጨረቃ ግን ታታልላለች። በዓይን ስትታይ የምታምር ናት። በቴሌስኮፕ ስትታይ ግን ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምታበራት ጥላ የለም፣ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ይሆናል። ብርሃኗ ከግማሽ ጨረቃ አሥር እጥፍ ገደማ ስለሆነ ዓይንም ያጭበረብራል። ሌሎቹን ደብዛዛ ነገሮች ደግሞ ትጋርዳቸዋለች።

ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ጨረቃ የምትወጣበት ሰዓት በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ይዘገያል። አራት አምስት ቀን ካለፈ የምሽቱ መጀመሪያ ጨለማ ነው፣ ጨረቃም ገና አልወጣችም። ከዚያ እስከ አዲስ ጨረቃና ከዚያም ሁለት ሦስት ቀን እስኪያልፍ ድረስ ያለው ጊዜ ከከተማ ለሚወጡ ሰዎች ነው።

እንግዲህ ኦብዘርቫቶሪውና የገጠሩ ሜዳ የሚሻሙ አማራጮች አይደሉም። አንዱ የሚያምረው ሌላው በማይሆንበት ሳምንት ነው። ጓደኞቻችሁ በዚህ ጉዳይ ከተከራከሩ ሁለቱም ወገን ትክክል ሊሆን ይችላል፣ የተለያየ ሳምንት ላይ።

ፕላኔቶቹ ደግሞ የራሳቸው ቀጠሮ አላቸው። ጁፒተር በየ13 ወሩ፣ ሳተርን በየዓመቱ ሁለት ሳምንት ያህል እየዘገየ፣ ማርስ በየ26 ወሩ ምድርን መሀል አድርገው ከፀሐይ ትይዩ ይቆማሉ። በዚያን ጊዜና ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ማታ ማታ ለማየት ይመቻሉ። ማርስ ከዚያ ጊዜ ውጪ ትንሽ ቀይ ነጥብ ስለሆነች ተስፋ አታድርጉባት። ሳተርን በ2025 (እ.ኤ.አ.) ቀለበቶቹን በጠርዛቸው በኩል ስላዞረልን ቀጭን መስመር መስለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓመት ከዓመት እየተከፈቱ ነው። የትኛው ፕላኔት በየትኛው ማታ እንደሚታይ እንደ ስቴላሪየም ያሉ ነጻ የሰማይ ካርታ መተግበሪያዎች በደቂቃ ይነግሯችኋል።

የከተማ ኦብዘርቫቶሪ

ቴሌስኮፕ ያለው ጉልላት ከተማ መሀል ምን ይሠራል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አንዳንዶቹ መብራት ሳይበዛ የተሠሩ የምርምር ቦታዎች ነበሩ። የለንደኑ ግሪኒች በ1675 ነው የተመሠረተው። እዚያ ያለው ትልቁ ባለሌንስ ቴሌስኮፕ ወርዱ 71 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ከ1893 ጀምሮ አለ። ተመራማሪዎቹ ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጭሱና ከመብራቱ ሸሽተው ወጡ። ሌሎቹ ደግሞ ከመጀመሪያውም ለሕዝብ የተሠሩ ናቸው። በ1935 የተከፈተው የሎስ አንጀለሱ ግሪፊዝ ለዚህ ዋናው ምሳሌ ነው። መግቢያው ነጻ ነው። ዛይስ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በሠራው 30 ሳንቲ ሜትር ቴሌስኮፑ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ሰማይ አይቶበታል። (እነዚህ ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጠኑን አስተውሉ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ከተማ ውስጥ የቴሌስኮፕ ትልቅነት የሚታሰበውን ያህል አይወስንም። ቀን ሙሉ የጋለው ጣሪያና አስፋልት ማታ ሙቀቱን ሲለቅ አየሩ ይናወጣል። በሚናወጥ አየር ውስጥ ትልቁም ትንሹም ቴሌስኮፕ የሚያሳየው የሚንቀጠቀጥ ምስል ነው። በዚያ ምሽት ኮከቦቹ ከልክ በላይ ብልጭ ድርግም ካሉ ፕላኔቶቹ ጥርት ብለው እንደማይታዩ ከበሩ ሳትገቡ ማወቅ ትችላላችሁ።

ታዲያ ምን ታያላችሁ? ጨረቃን ከነጉድጓዶቿ። ጁፒተርን ከሁለት ቡናማ መቀነቶቹና ጋሊሌዮ በ1610 ካያቸው አራት ጨረቃዎች ጋር። ሳተርንን ከነቀለበቱ። አልቢሬዮን የመሰሉ ጥንድ ኮከቦችንም አትናቁ። አንዱ ወርቃማ ሌላው ሰማያዊ ሆኖ ሲታይ ከጋላክሲ ይልቅ ሰውን የሚያስደስት እሱ ነው። የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ከከተማ ሲታይ ግራጫ ጭጋግ ነው። ፎቶ ላይ ያለው ቀለም ካሜራ ብርሃን አጠራቅሞ ያመጣው ነው፣ ዓይን ያን ማድረግ አይችልም። ይህን ለጓደኞቻችሁ አስቀድማችሁ ብትነግሯቸው ሙዳቸው አይበላሽም።

ጉልላቱ ውስጥ ሙቀት አይጠበቅም። የውስጡና የውጪው አየር ሙቀት ከተለያየ ምስሉ ስለሚረበሽ ሆን ተብሎ እኩል እንዲሆን ይደረጋል። ስለዚህ «ቤት ውስጥ ነው» ብላችሁ በስስ ልብስ አትሂዱ። ረጅም ቴሌስኮፕ ወደ ታች ሲያዘነብል የሚታይበት ጫፍ ወደ ላይ ይወጣል፣ ያኔ መሰላል ላይ መቆም ይመጣል። ደረጃ ለማይመቸው ሰው ምን እንደተዘጋጀ አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ይሻላል። አንዳንድ ቦታ ምስሉን ወደ ታች የሚያመጣ ስክሪን አለ።

መነጽር የምታደርጉ፣ የቅርብ ወይም የሩቅ ብቻ ከሆነ ችግራችሁ አውልቃችሁ ሌንሱን በማስተካከል ማየት ትችላላችሁ። አስቲግማቲዝም (የዓይን ቅርጽ መዛባት) ካለባችሁ ግን አታውልቁ። ማስካራ የተቀባችሁ ደግሞ ሌንሱን እንዳትነኩ አደራ፣ ከኋላችሁ ያለው ሰው የሚያየው የእናንተን ሽፋሽፍት ይሆናል። ስልክ በሌንሱ ላይ ደግኖ ፎቶ ማንሳት ለጨረቃ ይሠራል። ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ሰልፉም ያጉረመርማል።

ዋናው ጉድለቱ ሰልፉና ደመናው ነው። በተጨናነቀ ማታ ሰልፉ ከመዝጊያው ሰዓት ቀደም ብሎ ይቆረጣል፣ ዘግይቶ የመጣ ሰው ሳያይ ይመለሳል። ከምድር ወገብ ርቀው በሚገኙ ከተሞች ደግሞ ቀኑ በሚረዝምባቸው ወራት የሚመሸው በጣም ዘግይቶ ስለሆነ የማታው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ሌሊቱ በሚረዝምባቸው ወራት ነው የሚዘጋጀው።

ፕላኔታሪየም

ይህ ሰማይ ማየት አይደለም፣ ስለ ሰማይ የተሠራ ትርኢት ማየት ነው። ያ ማለት ግን መጥፎ ነው ማለት አይደለም። የመጀመሪያው የዛይስ ፕሮጀክተር እ.ኤ.አ. በ1925 ሙኒክ በሚገኘው የዶይቸስ ሙዚየም ለሕዝብ ሲከፈት 4,500 ያህል ኮከቦችን ጉልላት ላይ ያሳይ ነበር። 

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ወንበር አለ፣ ሙቀት አለ፣ ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ታያላችሁ፣ ደመና አያግደውም። ብቸኛው ወሳኝ ጥያቄ ትርኢቱ የተቀዳ ፊልም ነው ወይስ ሰው ቆሞ የዚያን ማታ ሰማይ እያሳየ የሚያስረዳበት የሚለው ነው። ፊልም ከሆነ ሲኒማ ብትገቡ ብዙም ልዩነት የለውም። የሚያስረዳ ሰው ካለ ግን ከዚያ ወጥታችሁ ቀና ስትሉ የምታዩትን ታውቁታላችሁ። መብራት ከጠፋ በኋላ ማስገባት የተለመደ ስላልሆነ አርፋጅ ጓደኛ ካላችሁ የተለየ ሰዓት ንገሩት።

የአማተሮች ምሽት በፓርክ

በዚህኛው ላይ አዳላለሁ፣ አስቀድሜ ልናገር። ጆን ዶብሰን የተባለ ቀድሞ መነኩሴ የነበረ ሰው እ.ኤ.አ. በ1968 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከሌሎች ጋር ሆኖ ቴሌስኮፕ መንገድ ላይ እያወጣ አላፊ አግዳሚውን ሰማይ ማሳየት ጀመረ። መስታወቱን በእጁ እየፈተገ፣ ማቆሚያውን ከእንጨት እየሠራ ነበር። ዛሬ የዶብሰን ዓይነት የሚባለው ርካሽና ጠንካራ ቴሌስኮፕ ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። ልማዱም እስከ ዛሬ አለ። በብዙ ከተሞች የአማተር፣ ማለትም ለሙያ ሳይሆን ለፍቅሩ ሰማይ የሚያዩ ሰዎች፣ ክበባት ቴሌስኮፖቻቸውን ፓርክ ውስጥ ደርድረው ለሕዝብ ያሳያሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ በነጻ።

ለጓደኛሞች የሚመቸው ለምን መሰላችሁ? አንድ ሰልፍ ሳይሆን አምስት ስድስት አጫጭር ሰልፎች አሉ። አንዱ ጋ ጨረቃ፣ ሌላው ጋ ጁፒተር፣ ሦስተኛው ጋ ጥንድ ኮከብ ታያላችሁ። ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ ነው የሚያስረዳችሁ፣ ጠይቃችሁ አትጠግቡም እሱም አይሰለችም። የሚያሳዩትም ከኦብዘርቫቶሪው እምብዛም አያንስም፣ ምክንያቱም ከላይ እንዳልኩት ወሳኙ አየሩ ነው። አሁን አሁን ደግሞ ምስሉን በስልክ የሚያሳዩ ስማርት ቴሌስኮፖች የሚያመጡ አሉ። ብርሃን ስለሚያጠራቅሙ ከከተማ ሆነውም ኔቡላን በቀለሙ ያወጡታል። ልምዱ ግን ሌላ ነው፣ ስክሪን ማየት ስክሪን ማየት ነው።

ጉድለቱ ቋሚ ፕሮግራም አለመኖሩ ነው። ደመና ከመጣ በዚያው ቀን ይሰረዛል። መጸዳጃና መቀመጫ ላይኖር ይችላል። ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየዓመቱ በመስከረም ወይም በጥቅምት ገደማ የሚከበር ዓለም አቀፍ የጨረቃ ምልከታ ምሽት አለ። በአቅራቢያችሁ ክበብ መኖሩን ለማወቅ ያ ቀን ይመቻል።

ከከተማ ውጪ

ፍኖተ ሐሊብንና ተወርዋሪ ኮከብ ለማየት ሌላ መንገድ የለም። ቴሌስኮፕም አያስፈልግም፣ ምንጣፍና ወፍራም ልብስ በቂ ነው። ዓይን ጨለማውን በደንብ የሚለምደው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው። አንድ ሰው ስልኩን ካበራ ሁላችሁም እንደገና ትጀምራላችሁ። ቀይ መብራት ብቻ ተጠቀሙ።

በሰሜኑ የዓለም ክፍል ለሚኖር ፐርሴይድስ የሚባለው የተወርዋሪ ኮከቦች ወቅት በኦገስት 12 አካባቢ፣ ጀሚኒድስ ደግሞ በዲሴምበር 14 አካባቢ ያይላል። ጨረቃ ከሌለችበት ምሽት ጋር ከገጠመ ከማንኛውም ቴሌስኮፕ ይበልጣል።

ዋጋው ድካም ነው። መኪና፣ ነዳጅ፣ እንቅልፍ የያዘው ሹፌር። ማንም የማያውቀው ሜዳ ላይ ማታ መቆም የደኅንነት ጥያቄም አለው፤ ቀን ሄዶ ቦታውን ማየትና ፈቃድ መጠየቅ ይገባል።

«ቴሌስኮፕ ገዝተን ሰገነታችን ላይስ?» የሚል አይጠፋም። ለአንድ ማታ ብላችሁ አትግዙ። በተለይ ማሸጊያው ላይ «500 እጥፍ ያጎላል» ተብሎ የተጻፈበትን እለፉት። ጠቃሚው ማጉላት በአንድ ሚሊ ሜትር ወርድ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው፣ የ60 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ ከ120 እጥፍ በላይ የሚያሳየው ብዥታ ነው። 10 በ50 የሆነ (10 እጥፍ የሚያጎላ፣ የሌንሱ ወርድ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ) ባይኖኩላር ካለ ክንድን ደገፍ አድርጎ የጁፒተርን ጨረቃዎች ማየት ይቻላል።

በአጭሩ

| መመዘኛ | የከተማ ኦብዘርቫቶሪ | ፕላኔታሪየም | የአማተሮች ምሽት | ከከተማ ውጪ |
|---|---|---|---|---|
| በደንብ የሚታየው | ጨረቃ፣ ፕላኔት፣ ጥንድ ኮከብ | የተሠራ ሰማይ | ጨረቃ፣ ፕላኔት፣ ጥንድ ኮከብ | ፍኖተ ሐሊብ፣ ተወርዋሪ ኮከብ |
| የሚመቸው የጨረቃ ጊዜ | ከ5ኛ እስከ 10ኛ ቀን | ሁሌም | ከ5ኛ እስከ 10ኛ ቀን | ጨረቃ የሌለችበት ምሽት |
| ሰልፍ | ሊረዝም ይችላል | የለም | አጭር | የለም |
| ደመና ቢመጣ | ሕንጻውን መጎብኘት ብቻ ይቻላል | ምንም አይሆንም | ይሰረዛል | ይሰረዛል |
| ምቾት | መካከለኛ፣ ብርድና ደረጃ አለ | ከሁሉ የተሻለ | ትንሽ | ከሁሉ ያነሰ |
| ወጪ | ከነጻ እስከ ትኬት | ትኬት | ባብዛኛው ነጻ | ትራንስፖርት |

ለእናንተ የቱ ይሻላል?

ከመካከላችሁ በቴሌስኮፕ አይቶ የማያውቅ ሰው ካለና ስድስት ሰባት ብቻ ከሆናችሁ፣ በግማሽ ጨረቃ ሳምንት ወደ ከተማው ኦብዘርቫቶሪ ሂዱ። ከተቻለ ከሳምንቱ መጨረሻ ውጪ ይሁን፣ ሰልፉ ይቀላል። ሲከፈት ድረሱ። ሰማዩ ገና ሙሉ በሙሉ ባይጨልምም ጨረቃን ለማየት ችግር የለውም።

ገንዘብ ካጠራችሁ የአማተሮቹን ምሽት ፈልጉ። ከነጻው ሁሉ ይህ ይበልጣል፣ በእኔ ግምት ከአንዳንድ ባለትኬቶችም ይበልጣል።

ቀኑን መቀየር የማትችሉ ከሆነ፣ ለምሳሌ የልደት ማታ ከሆነ፣ ፕላኔታሪየም ያዙ። ከሚያስረዳ ሰው ጋር ይሁን። ሰማዩ ከጠራ ኦብዘርቫቶሪው ቅርብ ከሆነ ጨምሩበት። ግሪፊዝን የመሰሉ ቦታዎች ሁለቱንም በአንድ ግቢ ይዘዋል።

ልጆችና አዛውንቶች አብረዋችሁ ካሉ ከከተማ መውጣቱ ይቅር። ልጅ ሰልፍ ላይ ከ20 ደቂቃ በላይ አይታገስም፣ ስለዚህ ብዙ ቴሌስኮፕ ያለበት ፓርክ ከአንድ ትልቅ ቴሌስኮፕ ይሻላል።

ቴሌስኮፕ የጠገባችሁ፣ ሳተርንን ከዚህ በፊት ያያችሁ ከሆነ ደግሞ ጨረቃ የሌለችበትን ሳምንት ጠብቃችሁ ከከተማ ውጡ።

ከአሥር በላይ ከሆናችሁ ኦብዘርቫቶሪ ሄዳችሁ ሁላችሁም አንድ ላይ አትሰለፉ። ግማሾቹ ሲሰለፉ ግማሾቹ ውጪ ሜዳው ላይ በባይኖኩላር ጨረቃን ያስሱ፣ ከዚያ ተለዋወጡ። ሰልፉ መቼ እንደሚቆረጥ ግን መጀመሪያ ጠይቁ፤ ሁለተኛው ቡድን ከዚያ ሰዓት በፊት መሰለፍ አለበት።